ሙልክ ራጅ አናንድ፤ የተናቀውን ሰው ባለታሪክ ያደረገ ሕንዳዊ ደራሲ

ሥነ ጽሑፍ ከኅብረተሰብ ኑሮ ተነጥሎ የሚቆም ነገር አይደለም። በአንድ አገር ልብ ወለድ ውስጥ ማን ባለታሪክ ሆኖ እንደሚቀርብ፣ ማን ደግሞ በር ከፍቶና ውሃ አቅርቦ ብቻ እንደሚያልፍ ማስተዋል፣ የዚያን አገር የመደብ አሰላለፍ ለመረዳት አንድ መንገድ ነው። በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር በነበረችው ሕንድ እንደ ፕሬምቻንድ ያሉ ደራሲዎች በሂንዲና በኡርዱ የገበሬውን መከራ መጻፍ ጀምረው ነበር። በእንግሊዝኛ ይጻፍ በነበረው ልብ ወለድ ግን ሕንዳዊው ድኻ ከአገልጋይነት ወይም ከትዕይንት ማሳመሪያነት ያለፈ ቦታ እምብዛም አልነበረውም። ይህን ልማድ ከሰበሩት ሰዎች መካከል ሙልክ ራጅ አናንድ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳል።

የአናንድን ሕይወት መመርመር ከአንድ ከባድ ጥያቄ ጋር ያገናኛል። ይኸውም፣ በገዢው ቋንቋ የሚጽፍ ምሁር ያንን ቋንቋ ቀርቶ የራሱንም ቋንቋ ማንበብ ላልታደለው ጭቁን ምን ሊፈይድለት ይችላል? የሚለው ነው። መልሱን ለማግኘት የደራሲውን ሕይወት ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል።

አናንድ እ.ኤ.አ. በ1905 በፔሻዋር ከተማ ተወለደ። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቤተሰቡ ከትውልድ ትውልድ የመዳብ ሥራ ሲሠራ የኖረ ሲሆን፣ አባቱ የአባቶቹን ሙያ ትቶ በእንግሊዝ የሕንድ ጦር ውስጥ በጸሐፊነት ተቀጠረ። እናቱ ከገበሬ ወገን የተወለዱ ነበሩ። በዚህ ምክንያት አናንድ በጦር ሰፈሮች አካባቢ አደገ። ከሽንት ቤት ጠራጊዎች ልጆች ጋር ይጫወት የነበረውም በዚያው ሰፈር ነው። አንድ ቀን በድንጋይ ተፈንክቶ ሲወድቅ፣ ከእነዚሁ ልጆች አንዱ ተሸክሞ ወደ ቤቱ አደረሰው። ሆኖም የአናንድ እናት ልጃቸውን ያዳነውን ብላቴና ከማመስገን ይልቅ፣ ነክቶ አረከሰብኝ ብለው ሰደቡት። ይህ ትዝታ ከዓመታት በኋላ በመጀመሪያው ልብ ወለዱ ውስጥ ተመልሶ ይገኛል።

ሁለተኛው የሕይወት ትምህርት የመጣው ከቅኝ ገዢው ነው። በሚያዝያ ወር 1919 በአምሪትሳር ከተማ፣ ጃሊያንዋላ ባግ በተባለው ቦታ፣ የእንግሊዝ መኮንን ጄኔራል ዳየር መውጫ ባጣ ሕዝብ ላይ ተኩስ አስከፈተ። መንግሥት ራሱ ያመነው የሟቾች ቁጥር 379 ሲሆን፣ ሕንዳውያኑ ከዚህ እጅግ የበዛ መሆኑን ገልጸዋል። አናንድ በጊዜው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ በኋላ በካልሳ ኮሌጅ ተምሮ በ1924 ተመረቀና ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ፍልስፍና ተምሮም በ1929 የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበለ።

ይሁን እንጂ የለንደን ትምህርቱ በዩኒቨርሲቲው ግድግዳ የታጠረ አልነበረም። በ1926 የእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎችን ትግል ምክንያት በማድረግ አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ በተመታ ጊዜ፣ አናንድ ከአድማ መቺዎቹ ጎን ተሰለፈ። በዚህም በቅኝ ገዢዋ አገር ውስጥ ሳይቀር ገዢና ተገዢ፣ ጠጋቢና ረሃብተኛ መኖራቸውን በዓይኑ አየ። ለመተዳደሪያውም በሊዮናርድና በቨርጂኒያ ዉልፍ የመጻሕፍት ማሳተሚያ ቤት በአራሚነት ሠርቷል፤ ቲ. ኤስ. ኤሊየት ለሚያዘጋጀው መጽሔትም አጫጭር ሂሶች ይጽፍ ነበር። ከእነዚህ ስመ ጥር ደራሲዎች የአጻጻፍ ጥበብ ቢቀስምም፣ አንዳንዶቹ ስለ ሕንድ የነበራቸውን ንቀት ግን አልተቀበለም።

ለጽሑፍ የገፋፋው ከቤተሰቡ የደረሰ ሐዘን ነበር። አንዲት አክስቱ ከሙስሊም ሴት ጋር ማዕድ በመቁረሷ ወገኖቿ ስላገለሏት ራሷን አጠፋች። ስለ ካስት ሥርዓት የጻፈው የመጀመሪያ ጽሑፍ የዚህ ሞት ምላሽ ነው። ቀጥሎ ስለ ጠራጊው ጓደኛው የጀመረውን ረጅም ረቂቅ ይዞ ወደ ሕንድ በመመለስ፣ በሳባርማቲ ከማሕተመ ጋንዲ ዘንድ ተቀመጠ። በዚያ ስፍራ የኖረ ሁሉ እንደሚያደርገው ሽንት ቤት እያጸዳ፣ ረቂቁንም ለጋንዲ እያነበበ ቆየ። ጋንዲ ጠራጊው እንደ ተማረ ሰው መናገሩን ነቀፉበት። አናንድም ትችቱን ተቀብሎ የረቂቁን አብዛኛውን ክፍል ቆርጦ ጣለና ቋንቋውን አቀለለው።

እንዲህ ተጽፎ ያለቀውን መጽሐፍ አሥራ ዘጠኝ አሳታሚዎች አንቀበልም ብለው መለሱት። በመጨረሻ ኢ. ኤም. ፎርስተር መቅድም ሊጽፍለት ቃል ስለ ገባ፣ በ1935 «የማይነካው» በሚል ትርጉም ሊጠራ በሚችለው ርእስ ለንደን ላይ ታተመ። ታሪኩ ባካ የተባለ የአሥራ ስምንት ዓመት ጠራጊ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያሳልፈውን አንድ ቀን ይተርካል። ባካ በወታደሮች ሰፈር የሽንት ቤት ረድፎችን ያጸዳል። በገበያ መካከል ሳያስበው አንድ የከፍተኛ ካስት ሰው በመንካቱ በጥፊ ይመታል። እህቱ ከጉድጓዱ ውሃ እንድትቀዳ ስለማይፈቀድላት የላይኞቹ ቸርነት እስኪደርሳት ድረስ ቆማ ትጠብቃለች። ሊደፍራት የሞከረው የቤተ መቅደስ አገልጋይ ግን፣ እርምጃው ሲከሽፍበት አረከሰችኝ እያለ ይጮኻል። ነውሩ የበዳዩ ሆኖ ሳለ ርኩስ የሚባለው ተበዳዩ ነው። የካስት ሥርዓት አሠራር በዚህ አንድ ትዕይንት ውስጥ ተጋልጦ ይታያል።

በመጽሐፉ መደምደሚያ ላይ ለባካ ሦስት መፍትሔዎች ይቀርቡለታል። አንዱ የክርስቲያን ሚሲዮናዊ ስብከት ነው። ሁለተኛው የጋንዲ የሥነ ምግባር ትምህርት ነው። ሦስተኛው አንድ ባለቅኔ የሚያስረዳው ዘመናዊ መሣሪያ፣ ይኸውም በውሃ የሚታጠብ ሽንት ቤት ሲሆን፣ ዓይነ ምድር በእጅ የሚያነሣ ሰው ካላስፈለገ በሙያው የተነሣ ርኩስ የሚባል ሰውም አይኖርም የሚል ነው። ደራሲው የመጨረሻውን ፍርድ ባይሰጥም፣ የመናቅ መሠረቱ በሥራ ክፍፍል ውስጥ መሆኑን ለአንባቢው አመልክቷል።

በተከታታይ የወጡት ሁለት ልብ ወለዶች ከካስት ወደ መደብ የተሸጋገሩ ናቸው። በ1936 የታተመው «ኩሊ» ሙኑ የተባለ ወላጅ አልባ የተራራ አገር ልጅ ከቤት አሽከርነት ወደ ትንሽ ፋብሪካ፣ ከዚያም ወደ ገበያ ተሸካሚነትና ወደ ቦምቤይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲወረወር ያሳያል። ሙኑ በመጨረሻ በሲምላ ሪክሾ የተባለውን በሰው ጉልበት የሚሳብ ጋሪ እየጎተተ፣ ገና በልጅነቱ በሳንባ ነቀርሳ ይሞታል። በቦምቤይ ምዕራፍ ሠራተኞቹ ለአድማ በተሰበሰቡበት ሰዓት አንድ አሉባልታ ይነዛና ትግሉ ወደ ሂንዱና ሙስሊም እልቂት ይለወጣል። የሃይማኖት ጥላቻ የሠራተኛውን አንድነት እንዴት እንደሚበትን የተገለጸበት ይህ ክፍል ከአናንድ ምርጥ ጽሑፎች አንዱ ነው። በ1937 የወጣው ሦስተኛው ልብ ወለድ ደግሞ በአሳም የሻይ እርሻ ይካሄዳል። ጋንጉ የተባለውን ሠራተኛ አንድ የእንግሊዝ ረዳት ሥራ አስኪያጅ ተኩሶ ይገድለዋል፤ ፍርድ ቤቱም ገዳዩን በነፃ ያሰናብታል።

አናንድ ትግሉን በብዕሩ ብቻ አልወሰነም። ከሳጃድ ዛሂርና ከሌሎች ወጣቶች ጋር በለንደን የተራማጅ ደራሲዎችን ማኅበር አቋቋመ። ማኅበሩ የመጀመሪያ ጉባኤውን በሚያዝያ 1936 በሕንድ አገር በላክናው ከተማ ሲያካሂድ ሰብሳቢው ፕሬምቻንድ ነበር። በ1937 አናንድ ፋሺዝምን ትዋጋ ወደ ነበረችው የስፔን ሪፐብሊክ ተጓዘ። ከእንግሊዝ ጋር ተሰልፈው በፈረንሳይና በፍላንደርስ ምሽጎች ስላለቁት የሕንድ ወታደሮች የሚተርከውን፣ በ1940 የታተመውን ልብ ወለድ የጀመረው እዚያው ነው። የዚህ መጽሐፍ ባለታሪክ ላሉ ሲንግ የተባለ የፑንጃብ ገበሬ ልጅ ሲሆን፣ ለማያውቀው ንጉሥ የማያውቀውን ጠላት የሚወጋው የቤተሰቡን መሬት ለማስመለስ ሲል ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕንዳውያን ባሕር ተሻግረው መሰለፋቸውን ስናስታውስ፣ ይህ መጽሐፍ የስንቱን ዝምታ እንደ ሰበረ እንረዳለን።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አናንድ በቦምቤይ ተቀምጦ በ1946 «ማርግ» የተሰኘውን የሥነ ጥበብ መጽሔት መሠረተ። በነፃይቱ ሕንድ በዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ ብሔራዊውን የሥነ ጥበብ አካዳሚ መራ፤ በ1971ም የሕንድ የሥነ ጽሑፍ አካዳሚን ሽልማት ተቀበለ። በመስከረም 2004 በፑኔ ከተማ በዘጠና ስምንት ዓመቱ አረፈ።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። አናንድ እንግሊዝኛን የመረጠው በገዢው ቋንቋ ለመኩራራት አልነበረም። በፑንጃብኛ እያሰበ፣ የገበያውን ስድብና ምርቃት፣ የገበሬውን ተረትና ምሳሌ ወደ እንግሊዝኛው እያስገባ ቋንቋውን ለተገዢዎቹ እንዲመሰክር አስገደደው። ክሱ በከሳሹ ቋንቋ ባይጻፍም በተከሳሹ ቋንቋ መጻፉ የራሱ ኃይል ነበረው፤ የቅኝ ግዛቱን ገንዘብ የሚበላው የለንደን አንባቢ አላወቅሁም ለማለት አልቻለምና።

ይሁንና ሥራው ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም። አናንድ ራሱ ከማይነኩት ወገን አልተወለደም። ባካ በውስጡ ቢቆጣም ከመሰሎቹ ጋር ሲደራጅ አይታይም። ነገር ግን መጽሐፉ ከመታተሙ ስምንት ዓመት አስቀድሞ፣ በ1927፣ ዶክተር አምቤድካር የማይነኩትን ሰብስቦ ከማሃድ የሕዝብ ኩሬ ውሃ እንዲጠጡ መርቷቸው ነበር። በልብ ወለዱ ውስጥ ጋንዲ ሲናገሩ ይሰማል፤ የአምቤድካር ድምፅ ግን የለም። ከ1960ዎቹ ወዲህ የተነሡት የዳሊት ደራሲዎች የራሳችንን ሕይወት በራሳችን እጅ እንጽፋለን ማለታቸው ከዚህ አንጻር ሲታይ ተገቢ ነው። ከጠራጊዎች ወገን የተወለደው ኦምፕራካሽ ቫልሚኪ በ1997 የሕይወት ታሪኩን በሂንዲ ሲያሳትም፣ ባካ በመጨረሻ ብዕር ጨበጠ ሊባል ይቻላል።

የ1950ው የሕንድ ሕገ መንግሥት የማይነኩ የሚባል ወገን እንዳይኖር ደንግጓል። በ1993 እና በ2013 የወጡ ሕጎችም በእጅ ዓይነ ምድር የማንሣትን ሥራ ከልክለዋል። ያም ሆኖ ዛሬም በሕንድ ከተሞች ወደ ፍሳሽ ጉድጓድ ወርደው በመርዛም አየር ታፍነው የሚሞቱ ሠራተኞች አሉ፤ አብዛኞቹም የባካ ወገኖች ናቸው። ባለቅኔው ተስፋ ያደረገው መሣሪያ ተሠርቷል፤ ጉድጓዱ ውስጥ እንዲገባ የሚታዘዘው ሰው ግን ገና አልተለወጠም። ሕግና መሣሪያ ብቻቸውን የሥራ ክፍፍሉን ካልነኩት ንቀቱም አይነካም። ደራሲ ይህን ሥርዓት ብቻውን ሊያፈርስ አይችልም። የተናቀው ሰው የሚያስብ፣ የሚያፍር፣ የሚቆጣና ተስፋ የሚያደርግ ሙሉ ሰው መሆኑን ማሳየት ግን ይችላል። አናንድ ይህን ድርሻውን ፈጽሟል፤ ቀሪው የኅብረተሰቡ ዕዳ ነው።