ኤድጋር ኮድ፦ በአንድ ሕዋስ አንድ እሴት

ኤድጋር ፍራንክ ኮድ እ.ኤ.አ. በ1923 በእንግሊዝ አገር፣ በፖርትላንድ ደሴት ተወለዱ። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብና ኬሚስትሪ አጥንተው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በብሪታንያ አየር ኃይል አብራሪነት አገለገሉ። በ1948 ወደ ኒው ዮርክ ተሻግረው በአይቢኤም ኩባንያ ተቀጠሩ፤ ሴናተር ማካርቲ ያስነሡት የፖለቲካ ክትትል ስላስመረራቸው ግን በ1953 ወደ ካናዳ ሄደው ጥቂት ዓመታት ቆዩ። ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በ1965 ሲያገኙ ዕድሜያቸው ከአርባ አልፎ ነበር።

በዚያ ዘመን ከመረጃ ቋት መልስ የሚፈልግ ፕሮግራም መረጃው የተከማቸበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ መከተል ነበረበት፤ አቀማመጡ ከተለወጠም ፕሮግራሙ ይሰናከል ነበር። ኮድ በ1970 ባሳተሙት ጽሑፍ መረጃ ሁሉ በሒሳባዊ ዝምድና ላይ በተመሠረቱ ሠንጠረዦች እንዲቀመጥ ሐሳብ አቀረቡ። በጽሑፉ ካነሧቸው ነጥቦች አንዱ በሠንጠረዥ ውስጥ ሌላ ዝርዝር እንዳይታጨቅ፣ እያንዳንዱ ሕዋስም አንድ ያልተከፋፈለ እሴት ብቻ እንዲይዝ የሚጠይቀው ነው።

አይቢኤም አይኤምኤስ የተባለ ነባር ምርት ስለነበረው አዲሱን ሞዴል ለገበያ ለማብቃት ዘገየ። ሲስተም አር የተባለው የሙከራ ሥራ ሲጀመርም ኮድ የነደፉት አልፋ የተባለ ቋንቋ ቀርቶ፣ ኋላ ኤስኪውኤል የተባለው ተመረጠ። ኮድ በ1981 የቱሪንግን ሽልማት ቢቀበሉም፣ ቋንቋው ከሞዴሉ መራቁን ከመተቸት አልቦዘኑም።

የ1999ኙ የኤስኪውኤል ደረጃ ድርድር በአንድ ሕዋስ እንዲቀመጥ ፈቀደ፤ የኮድ ሥጋት ትርጉሙ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። በፖስትግሬስኪውኤል አንድ ዓምድ የመጻሕፍትን ቁልፍ ቃላት በድርድር ይዟል እንበል። በተወሰነ ቅድመ ቃል የሚጀምሩትን ለመፈለግ የሚያገለግለው ላይክ፣ የሚፈተሸውን ቃል በግራ፣ ንድፉን በቀኝ ይጠብቃል። ኤኒ ግን ድርድሩን የሚቀበለው በቀኝ ብቻ ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ የድርድሩ አባላት ራሳቸው እንደ ንድፍ ይቆጠራሉ፤ ጥያቄውም ያለ አንዳች የስሕተት መልእክት የተሳሳተ መልስ ይሰጣል። መፍትሔው አንኔስት በተባለው ተግባር ድርድሩን ወደ ረድፎች ዘርዝሮ ቃላቱን አንድ በአንድ ማነጻጸር ነው።

ይህ ኮድ በ1970 የጠየቁት ሥራ ነው፤ ልዩነቱ፣ መረጃው ሲደራጅ አንድ ጊዜ መሠራት የነበረበት አሁን በየጥያቄው መደገሙ ነው። ኮድ በ2003 በፍሎሪዳ፣ በ79 ዓመታቸው ዐረፉ።