ድሜጥሮስና ባትሪ የሌላት ኮምፒውተር

በዚህ ጽሑፍ የማወራው ስለ አንድ የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት ነው። የኮምፒውተር ተማሪን ምን አገናኘው እንዳትሉኝ፣ ትንሽ ቆዩ።

ድሜጥሮስ በግብፅ ወይን ጠባቂ ገበሬ ነበር፤ ብዙም ያልተማረ ሰው ነበር ይባላል። እንደ ስንክሳሩ ትረካ፣ ሊቀ ጳጳሳቱ ዩልያኖስ ሊያርፍ ሲል ያለ ወራቱ ወይን ይዞ የሚመጣውን ሰው እንዲሾም በራእይ ተነገረው፤ ይዞ የመጣው ድሜጥሮስ ሆነ። 12ኛው ሊቀ ጳጳሳት ሆኖ ከ189 እስከ 232 እ.ኤ.አ. መራ። ወጣቱን ኦሪጎንን በትምህርት ቤቱ ላይ የሾመው እሱ ነው፤ ኋላ በቂሣርያ ቅስና ተቀበለ ብሎ አባረረው። ይህን ጠብ ለታሪክ ተማሪዎች ልተወው።

እኔን የገረመኝ ሌላው ነው። ነነዌና ዐቢይ ጾም ከሰኞ፣ ትንሣኤ ከእሁድ፣ ዕርገት ከሐሙስ እንዳይወጡ ይመኝ ነበር። ሱባኤ ገባ። ትውፊቱ እንደሚለው የሌሊቱ 23 ሱባኤ በ7 ተባዝቶ 161፣ በ30 ሲገደፍ 11 ቀረ፤ ይህ ጥንተ አበቅቴ ነው። የቀኑ 7 ሱባኤ 49፣ ሲገደፍ 19፤ ይህ ጥንተ መጥቅዕ ሆነ። ባሕረ ሐሳብ የምንለው ይኸው ነው።

እኛ ደግሞ ሐይቅ ዳር የውሃውን ሙቀት እንድትመዘግብ ትንሽ ሊኑክስ ኮምፒውተር አቁመን ነበር። የሰዓት ባትሪ የላትም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ መጨረሻ ካስቀመጠችው ሰዓት ትቀጥላለች፤ ኔትወርክ ስለሌለ ሰዓት የምትጠይቀው ሰርቨር የለም። ሳናውቅ ሦስት ሳምንት የተመዘገበው ሁሉ ቀኑ ተዛባ። የመመረቂያ ሥራችን ነበር እኮ!

የኔታ ግን ያለ ኔትወርክ ያሰላሉ። 2018ን ከ5500 ጋር ደምረው 7518፣ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፣ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12፣ በ11 ተባዝቶ 132፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፣ መጥቅዑ 18። በዚያው ነነዌ ጥር 25 ዋለ። መጀመሪያ ላይ ይህን በፕሮግራም ብጽፈው ይበቃል ብዬ ነበር። ሞኝነት ነው፤ የድሜጥሮስ ስሌት ዓመቱን ለሚያውቅ ሰው ነው። እስክንድርያም ሆነ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሌሊት ሌሊት ቀን የሚቆጥር ሰው ነበር፤ የእኛ ማሽን የጎደላት ቆጣሪው ነው።

ስለዚህ ዲኤስ3231 የምትባል የሰዓት ቺፕ ከነባትሪዋ ገጠምንላት። ሰዓቱን አስተካክለን ወደ ቺፑ ጻፍን፣ ስትነሳ ከዚያ እንድታነብ አደረግን። መብራቱን ሆን ብዬ አጥፍቼ ሁለት ቀን ጠበቅኩ። ሳበራት ቀኑ ልክ ነበር።