ከቁልፍ ሠሪው ቤት የወጣው ኦም

አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ ኤሌክትሪካል የሚማር ጓደኛ ካላችሁ፣ ኦም የሚለውን ስም ደብተሩ ላይ ስንት ጊዜ እንደጻፈ ጠይቁት፤ ቆጥሮ አይጨርሰውም። ወደ ፒያሳ ወረድ ብላችሁ ሞባይል የሚጠግን ልጅ ጋ ብትሄዱ ደግሞ ቴስተሩ ላይ የፈረስ ጫማ የምትመስል ምልክት ታገኛላችሁ። የግሪኩ ፊደል ኦሜጋ ነች። እዚያ የተቀመጠችው ግን ስለ አንድ ጀርመናዊ አስተማሪ ነው፦ ጌኦርግ ሲሞን ኦም።

ይሄ ሰው ስሙ ምልክት ከመሆኑ በፊት ብዙ ተንከራቷል። ታሪኩ እንዲህ ነው።

ኦም የተወለደው እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 1789 ዛሬ ጀርመን ውስጥ ባለችው ኤርላንገን ከተማ ነው። አባቱ ቁልፍ ሠሪ ነበር። መደበኛ ትምህርት አላገኘም፤ ግን በራሱ ጥረት አንብቦ ራሱን ያስተማረ ሰው ነው። እናቱ የሞተችው እሱ ገና 10 ዓመት አካባቢ እያለ ነው። ከ7 ልጆች በሕይወት የቀሩት 3 ብቻ ነበሩ። አባትየው ሁለቱን ወንዶች ልጆቹን ሂሳብና ፊዚክስ ቤት ውስጥ ራሱ አስተማራቸው። ታናሽየው ማርቲንም በኋላ የታወቀ የሂሳብ ሊቅ ሆኗል።

በ1805 ኦም ዩኒቨርሲቲ ገባ። ገባና ምን ሆነ? ጭፈራ፣ የበረዶ ላይ ሸርተቴና ቢሊያርድ ወሰዱት። አባትየው በጣም ተናደደ። እሱ ያላገኘውን ዕድል ልጁ ሲጫወትበት እንዴት ዝም ይበል? ኦም ከሦስት ሴሚስተር በኋላ አቋርጦ ወጣና ስዊዘርላንድ ሄዶ ሂሳብ አስተማሪ ሆነ። እዚያም በግሉ ማጥናቱን አልተወም፤ በ1811 ተመልሶ ዶክትሬቱን ያዘ።

ዶክተር ሆነ ማለት ግን እንጀራ በላ ማለት አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ትንሽ አስተማረ፤ ክፍያው ስለማያኖር ለቀቀ። ደካማ ትምህርት ቤት ተመድቦ ሠራ፤ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። በ1817 ኮሎኝ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ሆኖ ሲቀጠር ነው ነገሩ የተቀየረው። ትምህርት ቤቱ ጥሩ የፊዚክስ ላብራቶሪ ነበረው። ከአባቱ የወረሰው የእጅ ሙያም አለ። መሣሪያውን ራሱ እየሠራ ሙከራ ጀመረ።

በዚያን ጊዜ ባትሪ ከተሠራ ብዙም አልቆየም። ሽቦ ውስጥ የሚያልፍ ከረንት የኮምፓስ መርፌን እንደሚያንቀሳቅስ የታወቀውም በ1820 ነው። ሽቦ ከረንቱን ምን ያህል ይገታዋል የሚለው ግን ገና በደንብ አይታወቅም ነበር። ኦም አጭር ሽቦ፣ ረጅም ሽቦ እየቀያየረ መርፌዋ ምን ያህል እንደምትዞር መመዝገብ ያዘ።

በ1825 ውጤቱን አሳተመ። ስህተት ነበር! የዚያ ዘመን ባትሪ ሥራ ላይ እያለ ይደክማል፤ እየመዘናችሁ ሚዛኑ ራሱ ሲለዋወጥ ማለት ነው። ያኔ ፖገንዶርፍ የሚባል የሳይንስ መጽሔት አዘጋጅ ባትሪውን እንዲተው መከረው። ኦም ምክሩን ሰማ። ሁለት ብረቶችን፣ ቢስመዝና መዳብን፣ በሁለት ጫፍ አገናኘ፤ አንዱን መጋጠሚያ የሚፈላ ውሃ ጋ፣ ሌላውን በረዶ ጋ አደረገ። የሙቀቱ ልዩነት ስለማይለወጥ የሚገፋው ኃይልም አይለወጥም። በ1826 ያወጣው ውጤት ትክክል ሆነ፦ ግፊቱ እኩል ከሆነ፣ ሬዚስታንሱ እጥፍ ሲሆን ከረንቱ ግማሽ ይሆናል።

ይሄ ሕግ እናንተም ቤት አለ። የእንጀራ ምጣድ 3500 ዋት የሚወስድ ከሆነ በ220 ቮልት የሚያልፍበት ከረንት ወደ 16 አምፒር ነው። 220ን ለ16 ስታካፍሉ 14 ገደማ ይመጣል፤ የምጣዱ ሽቦ ሬዚስታንስ 14 ኦም አካባቢ ነው ማለት ነው። እሱ ላይ ካውያ ስትሰኩ ለከረንቱ ሌላ መንገድ ከፈታችሁለት፤ የቤቱ ጠቅላላ ሬዚስታንስ ይቀንሳል፣ ከረንቱ ይጨምራል፣ ብሬከሩም ሊወርድ ይችላል።

ወደ ኦም እንመለስ። በ1827 ሥራውን ሁሉ በመጽሐፍ አድርጎ በርሊን አሳተመ። የዩኒቨርሲቲ ወንበር አገኛለሁ ብሎ ጠብቆ ነበር። ምሁራኑ ግን ፊት ነሱት። ሂሳብ የበዛበት አጻጻፉ ብዙዎቹ ከለመዱት ፊዚክስ ጋር አልሄደም፤ አንዳንዱም በጽሑፍ አብጠለጠለው። ተስፋ ቆርጦ በ1828 ከኮሎኙ ሥራ ለቀቀ። ለዓመታት በርሊን ውስጥ እዚህም እዚያም እያስተማረ በችግር ኖረ፤ ኑረምበርግ ቋሚ ሥራ ያገኘው በ1833 ነው።

ክብሩ መጀመሪያ ደምቆ የመጣው ከውጭ ነው። በ1841 የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ ኮፕሊ የተባለውን ትልቅ ሜዳልያ ሰጠው። የተመኘውን የሙኒክ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ወንበር ያገኘው በ1852፣ በ63 ዓመቱ ነው። መጽሐፉ ከወጣ 25 ዓመት አልፎታል። የተቀመጠበት ግን ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ጁላይ 6 ቀን 1854 አረፈ። ትዳርም ልጅም አልነበረውም።

በ1881 ፓሪስ ላይ የዓለም የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ጉባኤ ተቀመጠና የሬዚስታንስ መለኪያ ኦም እንዲባል ተስማማ። ከሞተ 27 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ዛሬ አምስት ኪሎ ያለ ተማሪ ይሄን ሕግ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይጨርሰዋል። ሰውየው ግን መጀመሪያ ተሳስቶ አሳትሟል፣ ቀጥሎ ስህተቱን በራሱ እጅ አርሟል፣ ካረመ በኋላ ደግሞ የሚሰማው ለማግኘት ዓመታት ጠብቋል። በሚቀጥለው ስልካችሁን ስታስጠግኑ ቴስተሩ ላይ ያችን የፈረስ ጫማ ፈልጓት። የቁልፍ ሠሪው ልጅ እሱ ነው።