ባሕር ዛፍና ዳግማዊ ምኒልክ

የደን ደንብ የሚሠራው ዛፍ መቁረጥን ስለከለከለ ብቻ አይደለም። ገበሬው የተከለው ዛፍ የራሱ መሆኑንና እንደሚጠቀምበት ሲያምን ነው። ይህንንም የዳግማዊ ምኒልክ የሕይወት ታሪክ ያስረዳል።

ዳግማዊ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ወድቀው እስከ 1857 ዓ.ም. ከቆዩ በኋላ ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ያዙ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ጫኑ። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ሲዘምቱም ዋግሹም ጓንጉል የዋግን ጦር አስከትለው አብረዋቸው ተሰልፈዋል።

በቀድሞው ዘመን የነገሥታት ሰፈር በአንድ ቦታ አይረጋም ነበር። አንዱም ምክንያት በአካባቢው ያለው እንጨት ተቆርጦ ማለቁ ነው። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባም ይኸው ዕጣ ሊደርስባት ተቃርቦ ነበር። በዙሪያዋ የነበረው ጥድና ወይራ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቆረጠ በማለቁ፣ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ሥራው ተጀምሮ ነበር።

ለችግሩ መፍትሔ የሆነው በ1887 ዓ.ም. አካባቢ ወደ አገራችን የገባው የአውስትራልያው ባሕር ዛፍ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ተክሉን በትእዛዝ ብቻ አላስፋፉም። ባሕር ዛፍ የተተከለበት መሬት ከግብር ነፃ እንዲሆን፣ ችግኙም በአነስተኛ ዋጋ እንዲታደል አደረጉ። ከተቆረጠ በኋላ እንደገና የሚያቆጠቁጥ ዛፍ በመሆኑም ባለመሬቱ ሁሉ ተከለ፤ ከተማውም ባለበት ጸና።

ይሁን እንጂ ባሕር ዛፍ ውኃ አብዝቶ የሚጠጣ፣ በአጠገቡ ያለውንም ሰብል የሚጎዳ መሆኑ ቆይቶ ታወቀ። ንጉሠ ነገሥቱ በጽኑ ሕመም ላይ በነበሩበት በ1905 ዓ.ም. ገደማ፣ ከባሕር ዛፉ ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ በእንጆሪ ዛፍ እንዲተካ አዋጅ ወጣ። ነገር ግን ተካዩ ጥቅሙን ስለያዘ አዋጁ ሳይፈጸም ቀረ። ዳግማዊ ምኒልክም ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ።

የሰቆጣና የዋግ ኽምራ ደጋ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ከዚህ ታሪክ ሁለት ቁም ነገር ያገኛሉ። አንደኛ፣ ከከብት ንክኪ የተከለለ ተራራ የሚጠበቀው ሣሩን ማን እንደሚያጭድ፣ የደረቀውን እንጨት ማን እንደሚለቅም፣ ጥበቃው በማን ተራ እንደሚሆንና ደንብ የጣሰ ምን እንደሚቀጣ አባላቱ ራሳቸው መክረው ሲወስኑ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 ከመንግሥት ደን ሌላ የግል፣ የማኅበረሰብና የማኅበራት ደን መኖሩን ስለሚያውቅ፣ ይዞታውን በወረዳው ጽሕፈት ቤት አስመዝግቦ ማስረጃ መያዝ ይገባል።

ሁለተኛ፣ የዛፉ ዓይነትና ቦታው ከመተከሉ በፊት ይታሰብበት። ከተተከለ በኋላ ንቀሉ ማለት ለንጉሠ ነገሥት መንግሥትም አልሆነም። ዝናብ በሚያጥረው በዋግ ምድር ባሕር ዛፍ ከምንጭና ከእርሻ ዳር ይራቅ፤ በተከለለው ተራራ ላይ ደግሞ ወይራው፣ ጥዱና ግራሩ ቅድሚያ ይሰጣቸው።