አክሊሉ ለማ፦ ከልብስ አጣቢዎች የተማሩ ሊቅ

የሳይንስ ሊቃውንት ስም ሲነሣ ሐሳባችን ቶሎ ባሕር ማዶ ይሻገራል። ዛሬ የምናነሣቸው ሰው ግን የአገራችን ልጅ ናቸው፤ ስማቸውን ያስጠራውም እንዶድ ነው። እንዶድ ደግሞ ለመራዊና ለአካባቢዋ ሰው እንግዳ አይደለም። ነጠላና ጋቢ ስናነጣበት የኖርን ነን። ታዲያ በዚያ አረፋ ውስጥ ምን እንዳለ ስንቶቻችን ጠይቀናል?

ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1928 ዓ.ም. ተወለዱ። ይህም በአውሮፓ አቆጣጠር 1935 መሆኑ ነው፤ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመቶች በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ከፍተኛ ትምህርታቸውን በአሜሪካ ተከታትለው በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። በዚያው ዓመት ስለ ቢልሃርዚያ ለማጥናት ወደ ዓድዋ ሄዱ።

ቢልሃርዚያ መንገዱ ጠመዝማዛ ነው። የትሉ እንቁላል ከሕመምተኛው ዓይነ ምድር ጋር ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ይፈለፈልና ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ በውሃው ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ቀንድ አውጣው ከሌለ ሰንሰለቱ ይበጠሳል ማለት ነው። በዚያ ዘመን ቀንድ አውጣ የሚገድለው መድኃኒት ከውጭ የሚመጣ ነበር፤ ዋጋውም ለድሃ አገር አይቀመስም።

ዶክተሩ ወንዙን ተከትለው ሲመረምሩ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞተ ቀንድ አውጣ በዝቶ ይታያል፤ ከዚያ በላይ ግን ሕያው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አይቶ ያልፍ ነበር። እሳቸው ግን ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች ሰብስበው ከአጣቢዎቹ የእንዶድ አረፋ ጨመሩባቸው። ሞቱ። ነገሩ የጀመረው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው፤ መሣሪያው ዕቃና አረፋ፣ ዋናው ግን ዓይን ነበር።

አሁን ወደ ኬሚስትሪው እንግባ። የእንዶድን ፍሬ አረፋ የሚያስደፍቀው ሳፖኒን የሚባል ኦርጋኒክ ውሁድ ነው። ሞለኪውሉ ሁለት ወገን አለው። አንዱ 30 ካርቦን ያለው፣ ውሃ የማይወድ አካል ነው፤ በእሱ ላይ የተንጠለጠሉት ስኳሮች ደግሞ ውሃ ይወዳሉ። ሳሙናም ቆሻሻ የሚያስለቅቀው እንዲሁ ሁለት ጠባይ ስላለው ነው። በ1970ዎቹ በአሜሪካ የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ሳይንቲስቶች ከእንዶድ ውስጥ ቀንድ አውጣ ገዳዩን ውሁድ ለይተው አወጡ፤ በዶክተሩ ስምም ለማቶክሲን ብለው ጠሩት።

ይሁን እንጂ አንድ እንቆቅልሽ ነበር። ፍሬው በውሃ ሲዘፈዘፍ የሚገኘው ጭማቂ ቀንድ አውጣ ይገድላል፤ በሜታኖል አልኮል ሲወጣ ግን የተገኘው ሳፖኒን አይገድልም። ፍሬው አንድ ሆኖ ሳለ ውጤቱ ለምን ተለያየ? መልሱ ኤንዛይም ነው። በፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን ስኳር የተንጠለጠለበት በሁለት ቦታ ነው፤ በዚህ መልኩ ገዳይነት የለውም። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ሲነካው የራሱ ኤንዛይም ይደርስበትና የአንዱን ቦታ ስኳር በውሃ ኃይል ቆርጦ ይጥላል። የአንድ ወገን ስኳር ብቻ የቀረለት ሳፖኒን የቀንድ አውጣውን የሕዋስ ሽፋን ያፈርሳል። አልኮሉ ግን ኤንዛይሙን ሥራ ያስፈታዋል፤ ስለዚህ ስኳሩ ሳይቆረጥ ይቀራል።

እናቶቻችን እንዶድን ወቅጠው በውሃ ሲያሹ ይህንኑ የኤንዛይም ሥራ ያሠሩ ነበር ማለት ነው። በብቅልስ የሚሆነው ሌላ መች ሆነ? የበቀለው ገብስ ኤንዛይም ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጣል፤ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጣል፤ ጠላ ጠላ የሚሆነው በዚህ ነው። ኤንዛይም ፕሮቲን ነው። ቅርጹ እንደ ቁልፍ ለራሱ ጓጉንቸር ብቻ የተሠራ በመሆኑ አንዱ ኤንዛይም የሌላውን ሥራ አይሠራም። ሥራውን ያፋጥናል እንጂ ራሱ አያልቅም። ከፍተኛ ሙቀት ግን ቅርጹን ያበላሸዋል፤ ብቅል በፈላ ውሃ ከተቀቀለ ኃይሉን የሚያጣው ለዚህ ነው።

ወደ ዶክተሩ እንመለስ። በ1966 በአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ እንዶድ በውሃው ላይ ተሞከረ፤ ከሕዝቡ መካከል በቢልሃርዚያ የተያዘው ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ወረደ። ከ1 እስከ 6 ዓመት በሆኑ ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከ50 ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ። የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው በማወዳደር ቁጥር 44 የተባለውን ምርታማ ዓይነት መረጡ።

ይህ ሁሉ ሆኖም ዓለም ቶሎ አልተቀበላቸውም። በድሃ አገር ቤተ ሙከራ የተገኘ ውጤት ባለጸጋዎቹ አገሮች ባወጡት ደረጃ ካልተፈተሸ እንደ ማስረጃ አይቆጠርም ነበር፤ ለዚያ ፍተሻ የሚሆነው ገንዘብ ደግሞ በቀላሉ አይገኝም። የተሟላው የደኅንነት ጥናት የታተመው በ1991 ነው። ከዓድዋው ወንዝ እስከዚያ 27 ዓመት አለፈ። ጠንቃቃ ፍተሻ ማስፈለጉን አንክድም፤ ወንዝ ውስጥ የሚጨመር ነገር መፈተሽ አለበት። ነገር ግን የሚፈትሸው ማነው? ቤተ ሙከራው የማነው? ዶክተሩ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያነሡት የነበረው ይህን ጥያቄ ነው። ለአፍሪካ ሳይንቲስት ትልቁ እንቅፋት የዕውቀት ማነስ ሳይሆን በገዛ አገሩ የሚሠራበት ማጣቱና አለመታመኑ መሆኑን ያስተምሩ ነበር።

በ1989 ሁለቱ ዶክተሮች በስዊድን የሚሰጠውን ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። በኋላም እንዶድ የአሜሪካን ሐይቆች የወረረ ባለ ዛጎል እንስሳ እንደሚገድል ታወቀ፤ የፈጠራ ባለቤትነቱን ግን አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በስሙ አስመዘገበ። የሕዝብ ዕውቀት የማን ነው የሚል ክርክርም ተነሣ። በተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ውስጥም ያገለገሉት ዶክተር አክሊሉ በ1997 ዐረፉ። ያቋቋሙት ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

እንግዲህ ለእኛ ምን ይቀራል? ቢልሃርዚያ በጣና ዙሪያም የሚገኝ በሽታ ነው፤ እኛ ደግሞ የቆጋ መስኖ ጎረቤቶች ነን። ቀንድ አውጣ ቀስ ብሎ የሚፈስ ውሃ ይወዳል፤ ልጆቻችንም ይወዱታል። ተነሥተን እንዶድ እንጨምር ማለታችን ግን አይደለም። እንዶድ እንደ ብርብራ ዓሣም ይገድላል፤ በየግሉ ውሃ ውስጥ መጨመር ጥፋት ነው። የእኛ ድርሻ ማስተማር ነው። ነገ ክፍል ስንገባ ስለ ኤንዛይም የምናስተምረው በሰሌዳ ላይ ባለ ቃል ብቻ አይሁን። የተቀቀለ ስታርች፣ ጥቂት ምራቅና አንድ ጠብታ አዮዲን ይበቃል። ምራቅ ተጨምሮበት ሞቅ ባለ ቦታ የቆየው ስታርች ከጊዜ በኋላ በአዮዲን አይጠቁርም፤ ምራቁ ቀድሞ ከፈላ ግን ይጠቁራል። ለምን እንደሆነ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይናገሩ። ከመካከላቸው ወንዝ ዳር ቆሞ ሌላው አይቶ ያለፈውን የሚያስተውል ልጅ ሊኖር ይችላልና።