ማሳሂኮ ኪሙራ፦ ስሙን ተሸናፊዎቹ ያቆዩለት የጁዶ ጀግና

ከብራዚል እስከ አውሮፓ የትግል ስፖርት በሚሠራበት ቦታ ሁሉ ኪሙራ የሚባል አያያዝ አለ። የተጋጣሚን ክንድ ወደ ኋላ ጠምዝዞ ትከሻውን የሚያስጨንቅ፣ እጅ ካልሰጠም የሚሰብር ነው። ዛሬ የዚህን ስም ባለቤት ታሪክ ባጭሩ ልናወጋችሁ ወደናል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማሳሂኮ ኪሙራ በመስከረም 1917 በደቡብ ጃፓን፣ በኩማሞቶ ተወለደ። አባቱ ከወንዝ ጠጠር እያወጣ የሚያድር ድሃ ነበር፤ ልጁም አብሮት ይሠራ ነበር። በልጅነቱ የጀመረው ጁዶ ስሙን ሲያስጠራው፣ ታትሱኩማ ኡሺጂማ የተባለው የአገሩ ልጅና ስመ ጥር ተጋጣሚ በቶኪዮ ታኩሾኩ ዩኒቨርሲቲ ወስዶ በእጁ አሠለጠነው።

በ1935 ግን አራት ጊዜ ተሸነፈ። ስፖርቱን እርግፍ አድርጎ ለመተው አስቦ ነበር። ከዚያ ሐሳብ ሲመለስ ቀበቶውን ከዛፍ ጋር አስሮ ዛፉን እንደ ሰው ለመጣል ይታገል ጀመር። ፍሬው ብዙ አልቆየም። በ1937፣ በ1938 እና በ1939 በተከታታይ የመላው ጃፓን ሻምፒዮን ሆነ። በ1940 ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት የተደረገውን ውድድር አሸነፈ። ይህ ድል መምህሩ ኡሺጂማ ሞክሮ ያልተሳካለት ነበር።

ጦርነቱ ይህን ሁሉ አቋረጠው። ከሽንፈት በኋላ ጃፓንን የያዘው ኃይል ጁዶን ከትምህርት ቤት ከለከለ። ኪሙራ በ1949 ወደ ሻምፒዮናው ሲመለስ በፍጻሜው ከታካሂኮ ኢሺካዋ ጋር እኩል ወጥቶ ማዕረጉን ተካፈለ። ጀግንነቱ ግን እንጀራ አልሆነውም። ሚስቱ በሳንባ ነቀርሳ ታማለች፤ መድኃኒቱ ውድ ነው። ስለዚህ በ1950 ኡሺጂማ ወዳቋቋመው የክፍያ ጁዶ ገባ። ድርጅቱ በወራት ውስጥ ገንዘብ ሲያጥረው ወደ ሃዋይ፣ ቀጥሎም ወደ ብራዚል ተሻገረ። በሰው አገር ሠርቶ ወደ ቤት መላክ ምን እንደሆነ ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት አይጠበቅብንም።

ጥቅምት 23 ቀን 1951 በሪዮ ዴ ጃኔሮ ማራካና ስታዲየም ከኤሊዮ ግሬሲ ጋር ገጠመ። ኤሊዮ በሰውነት ከእሱ እጅግ ያነሰ፣ በልብ ግን የማይበገር ነበር። በሁለተኛው ዙር ኪሙራ ክንዱን ጠመዘዘው። አጥንቱ ተሰበረ፤ ኤሊዮ ግን እጅ አልሰጠም። በመጨረሻ ግጥሚያውን ያስቆሙት የራሱ ወገኖች ናቸው። የግሬሲ ቤተሰብ ሽንፈቱን አልደበቀም። ጃፓኖች ኡዴ ጋራሚ የሚሉትን ያን አያያዝ በአሸናፊው ስም ጠርቶ ለተማሪዎቹ አስተማረ።

አገር ቤት የጠበቀው ሌላ ነበር። በታኅሣሥ 1954 በቶኪዮ ከሪኪዶዛን ጋር በፕሮፌሽናል ሬስሊንግ ተጋጠመ። ሪኪዶዛን ኮሪያ ተወልዶ ትውልዱን ደብቆ የጃፓን ጀግና የሆነ የቀድሞ ሱሞ ታጋይ ነው። ኪሙራ እንደሚለው እኩል እንዲወጡ አስቀድመው ተስማምተው ነበር፤ ሪኪዶዛን ግን ስምምነቱን አፍርሶ ደበደበው። አገሩ በቴሌቪዥን እያየ በደም ተነክሮ ወደቀ። ስምምነት መኖሩ ራሱ የሚያስመሰግን አይደለም። የከፈለው ዋጋ ግን ከጥፋቱ የበለጠ ነው ብለን እናምናለን። ሪኪዶዛን በ1963 በስለት ተወግቶ ከሳምንት በኋላ ሞተ።

ኪሙራ ወደ ታኩሾኩ ተመልሶ አሠልጣኝ ሆነ። ተማሪው ካኔኦ ኢዋትሱሪ በ1971 የመላው ጃፓን ሻምፒዮን ሲሆን፣ መምህሩ ዳግም ያሸነፈ ያህል ነበር።

የጁዶን ማዕረግ የሚሰጠው ኮዶካን ግን ልቡ አልራራለትም። ኪሙራ ሰባተኛ ዳን የደረሰው ገና በ30 ዓመቱ ገደማ ነው። ለገንዘብ ከተጋጠመ በኋላ እስከ ሞቱ አንድ ደረጃ እንኳ አልጨመሩለትም። ሚያዝያ 18 ቀን 1993 በሳንባ ካንሰር ሲሞት ያው ሰባተኛ ዳን ነበር።

ተቋም ደንብ አለው፤ ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። ነገር ግን የታመመች ሚስቱን ለማዳን የተሰደደን ሰው ዕድሜ ልኩን መቅጣት ፍትሕ ነው አንልም። መዝገብ የያዙት ወገኖቹ የነፈጉትን ክብር፣ ክንዱ የተሰበረው ባዕድ ሰጠው። ዛሬ በየአገሩ ኪሙራ እያሉ የሚማሩ ልጆች ስንተኛ ዳን እንደነበር አይጠይቁም።