ሲውሳጉር ራምጉላም፦ የሞሪሺየስ ጥምር መንግሥትና የተራዘመው ምርጫ

ሰር ሲውሳጉር ራምጉላም በሞሪሺየስ የነፃነት አባት ተብለው ይታወቃሉ። ይህ ጽሑፍ ይበልጥ የሚያተኩረው ግን ከነፃነት ማግስት ከተቀናቃኛቸው ጋር በመሠረቱት ጥምር መንግሥት ላይ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ራምጉላም በ1900 ቤል ሪቭ በተባለ መንደር ተወለዱ፤ አባታቸው ከህንድ ቢሃር የፈለሱ የስኳር እርሻ ሠራተኛ ነበሩ። ለንደን ሕክምና ተምረው በ1935 ተመለሱ። በ1948 ማንበብና መጻፍ ለሚችሉ አዋቂዎች የመምረጥ መብት ሲሰጥ በምርጫ ወደ ምክር ቤት ገቡ፤ ቆይተውም ሌሎች በ1936 የመሠረቱትን የሌበር ፓርቲ ለመምራት በቁ።

በነሐሴ 1967 ምርጫ ሌበር ከሁለት አነስተኛ ፓርቲዎች ጋር ተጣምሮ ከ62ቱ ወንበሮች 39ኙን አሸነፈ። ሆኖም ነፃነትን ለተቃወመው የጋኤታን ዱቫል ፓርቲ 44 በመቶ ያህሉ መራጭ ድምፁን ሰጥቷል። በጥር 1968 ደግሞ ፖርት ሉዊስ ውስጥ የማኅበረሰቦች ግጭት ተቀስቅሶ የእንግሊዝ ወታደሮች ተጠሩ። መጋቢት 12 ቀን ነፃነት የታወጀው በዚህ ድባብ ውስጥ ነው። ስለዚህ ራምጉላም በ1969 ዱቫልን ወደ መንግሥታቸው ማስገባታቸውና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማድረጋቸው ሥልጣንን ከማደላደል ያለፈ ምክንያት ነበረው።

አከራካሪው ጉዳይ ከጥምረቱ ጋር ተያይዞ የመጣው ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ የምክር ቤቱ ዘመን እስከ 1976 ተራዘመ። ጥምረቱንና ማራዘሙን እንደ አንድ ውሳኔ አድርጎ ማየት የተለመደ ይመስላል፤ በዚህ ጸሐፊ እይታ ግን የሚነጣጠሉ ናቸው። ጥምረቱ በመራጩ ፊት ቀርቦ መሟገት ይችል ነበር። ይህ ባለመሆኑ አዲሱ ታጣቂ ያልሆነ፣ ግን ቁጡ ተቃዋሚ፣ የሞሪሺየስ ተዋጊ ንቅናቄ፣ በ1970 በጠቅላይ ሚኒስትሩ የምርጫ ክልል የማሟያ ምርጫ ቢያሸንፍም ዋናውን ፍልሚያ ወደ ወደብና ወደ ፋብሪካ አዞረው። የ1971 የሥራ ማቆም አድማ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታፈነ፤ የንቅናቄው መሪዎችም ታሰሩ። ዱቫል ራሳቸው በ1973 መጨረሻ ከመንግሥት ወጡ።

የ1976ቱ ውጤት ይህን ክርክር ያጠናክራል። ንቅናቄው 34 ወንበር አግኝቶ አንደኛ ሲወጣ፣ የሌበር ወገን 28፣ የዱቫል ፓርቲ 8 አገኙ። ከ70ው ወንበር ስምንቱ የማኅበረሰቦችን ውክልና ለማመጣጠን ከተሸነፉ እጩዎች መካከል ለተመረጡ የሚሰጡ ናቸው። ራምጉላምና ዱቫል ዳግም ተጣምረው በ36 ወንበር መንግሥት መሠረቱ፤ ያለ ምርጫ የተፈጠረው ጥምረት በምርጫም ሊቆም እንደሚችል ዘግይቶ ታየ።

በ1982 ንቅናቄውና አጋሩ የዋናውን ደሴት 60 ወንበሮች ጠቅልለው ወሰዱ፤ ራምጉላም የገዛ ወንበራቸውን አጡ። አሸናፊዎቹ ግን በዓመቱ ተከፋፈሉ። ጠቅላይ ሚኒስትር አኔሩድ ጃግናውት ከሌበርና ከዱቫል ጋር ተጣምረው የ1983ቱን ምርጫ ካሸነፉ በኋላ ራምጉላም ጠቅላይ ገዥ ሆነው ተሾሙ፤ በዚሁ ሹመት ላይ እንዳሉ በታኅሣሥ 1985 ዐረፉ።